ከመዳብ ቀጥቃጮች እስከ ጆሮ ማዳመጫ፤ የድምፅ ልክ ታሪክ

ሰው ዓለምን ከሚያውቅባቸው ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት አንዱ መስማት ነው። ዓይን ክዳን አለው፤ የማይወደውን ላለማየት ይጨፈናል፤ ሲደክመውም ያርፋል። ጆሮ ግን ክዳን የለውም፤ በእንቅልፍ ጊዜ እንኳ በሩ ክፍት ነው። ስለዚህ የሚገባውን ድምፅ መጥኖ ማስገባት የባለቤቱ ሥራ ነው። አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ይህን የሚሉት ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ የሚሰማ ስለ ሆነ ነው፤ ነገር ግን ምሳሌው በሌላም መንገድ እውነት ነው። ጥርስ ሲበሰብስ ያማል፤ እግር ሲወጋ ይደማል፤ በድምፅ ብዛት የሚጎዳ ጆሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለባለቤቱ ሳይነግረው ለብዙ ዓመታት ቀስ በቀስ ይደክማል።

ዛሬ በየመንገዱ፣ በየታክሲውና በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ የጆሮ ማዳመጫ ያልሰካ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ መዝሙር ይሰማል፤ ሌላው ዘፈን፤ ሌላው ደግሞ ትምህርት። ወላጆች «ድምፁን ቀንሱ» ይላሉ፤ ልጆች «ብዙ አይደለም» ብለው ይመልሳሉ። ከሁለቱ ወገን ግን «ብዙ» ማለት ስንት እንደ ሆነ ለይቶ የሚናገር ጥቂት ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፤ የድምፅ ልክ ስንት ነው? ይህንንስ ልክ ሰዎች እንዴት ሊያውቁት ቻሉ? ጥያቄው የዛሬ ቢመስልም ታሪኩ ከ300 ዓመት በላይ የቆየ ነው። በታሪኩ ውስጥ የምንገናኛቸው ሰዎች የውጭ አገር ሰዎች ስለ ሆኑ ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፌዋለሁ።

ነገሩን በመጀመሪያ በጥንቃቄ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ቤርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም ነው። ራማዚኒ በ1633 ተወልዶ በ1714 የሞተ ሲሆን፣ በሞዴና በኋላም በፓዶቫ ከተማ የሕክምና መምህር ነበረ። በዘመኑ የነበሩት ሐኪሞች በሽተኛውን «የት ያምምሃል? ከመቼ ጀምሮ? ምን በላህ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ራማዚኒ ግን አንድ ጥያቄ ጨመረበት፤ ይኸውም «ሥራህ ምንድር ነው?» የሚል ነው። ይህች አጭር ጥያቄ የሕክምናን መንገድ የለወጠች ናት። ራማዚኒ በየሠራተኛው ሰፈር እየዞረ የተመለከተውን ሰብስቦ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ አሳተመ። በዚሁም መጽሐፍ ውስጥ በቬኔስያ ከተማ ተሰብስበው ይኖሩ የነበሩትን የመዳብ ቀጥቃጮች ነገር ጽፏል። ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጡ ስለሚውሉ ጆሯቸው እየደነቈረ ይሄዳል፤ በዚያው ሥራ ያረጁትም ፈጽመው ይደነቍራሉ አለ። እነሆ፣ የድምፅ ብዛት ጆሮን እንደሚጎዳ በሐኪም እጅ በግልጽ ተጻፈ።

ይሁን እንጂ የተጻፈ ሁሉ አይሰማም። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ጩኸትን ቀነሰ ሳይሆን አበዛ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የእንፋሎት ኀይል ተስፋፋ፤ ባቡርና መርከብ የሚያንቀሳቅሰውን እንፋሎት ለማፍላት ቦይለር የሚባሉ ታላላቅ የብረት ጋኖች ይሠሩ ጀመር። የጋኑ ሰሌዳዎች እርስ በርሳቸው የሚያያዙት በጋለ ምስማር ነው። አንዱ ሠራተኛ ጋኑ ውስጥ ገብቶ ምስማሩን ይደግፋል፤ ሌሎቹ ከውጭ በመዶሻ ይመቱታል። ውስጥ ያለው ሰው በሚደወል ደወል ሆድ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ሰው መሆኑ ነው። የእነዚህ ሠራተኞች መደንቈር የታወቀ ስለ ነበረ በእንግሊዝኛ ቋንቋ በሽታው በእነርሱ ስም ይጠራ ነበር። በሠራተኞቹም ዘንድ መደንቈር ከሥራው ጋር አብሮ የሚመጣ፣ የማይቀር ዕዳ ሆኖ ይታይ ነበር።

ቶማስ ባር የተባለ የግላስጎው ከተማ የጆሮ ሐኪም ግን ነገሩን በወሬ ብቻ መቀበል አልወደደም። በ1886 ባወጣው ጽሑፍ ሦስት ዓይነት ሠራተኞችን አወዳደረ፤ 100 ጋን ሠሪዎች፣ 100 ብረት አቅልጠው በቅርጽ የሚያፈሱ ሠራተኞች፣ 100 ደግሞ ፖስታ አዳዮች። በዘመኑ እንደ ዛሬው ያለ የመስማት መመርመሪያ መኪና አልነበረም። ባር የተጠቀመው በሰዓት ነው፤ ሰዓቱን ወደ ጆሮ እያቀረበና እያራቀ ሰውየው ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ከስንት ርቀት እንደሚሰማ ይለካ ነበር። ፖስታ አዳዮቹ በአየር ላይ እየተዘዋወሩ የሚሠሩ ስለ ሆኑ የሚበዙት ደኅና ይሰማሉ። ከ100ው ጋን ሠሪዎች መካከል ግን ጆሮው ፍጹም ጤነኛ የሆነ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የድምፅ ጉዳት ዕጣ ፈንታ ሳይሆን ምክንያት ያለው ነገር መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ እውነትን ለማግኘት የተጎዳውን ካልተጎዳው ጋር ማመዛዘን እንደሚገባ ነው።

ለመሆኑ በጆሮ ውስጥ የሚበላሸው ምንድር ነው? ይህን ለማወቅ ወደ ውስጥ መመልከት ያስፈልግ ነበር። በ1851 አልፎንሶ ኮርቲ የተባለ ኢጣልያዊ ሊቅ በማጕያ መነጽር እየተመለከተ የውስጡን ጆሮ ሥራ ገልጦ ጻፈ። በውስጠኛው ጆሮ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል ጠመዝማዛ ቦይ አለ፤ በውሃ መሰል ፈሳሽ የተሞላ ነው። በዚህ ቦይ ወለል ላይ በራሳቸው ጠጕር መሰል ነገር ያበቀሉ ጥቃቅን ሕዋሳት በተርታ ተሰልፈዋል። ቍጥራቸው በአንድ ጆሮ 15,000 ያህል ነው። ድምፅ ፈሳሹን ሲያንቀሳቅሰው እነዚህ ጠጕሮች ይወዛወዛሉ፤ መወዛወዛቸውም በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይተላለፋል። መስማት የምንለው ይህ ነው። በ1890 ደግሞ ዮሐንስ ሃበርማን የተባለ ሐኪም በጩኸት መካከል ሲሠራ ኖሮ የደነቈረ የአንድ ብረት ሠራተኛ ጆሮ ሰውየው ከሞተ በኋላ ቢመረምር፣ ኮርቲ የገለጠው ያ የሕዋሳት ሰልፍ በቦዩ መግቢያ አካባቢ ጠፍቶ አገኘው።

ጉዳቱ በመግቢያው አካባቢ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት የረዳን ጌዎርግ ፎን ቤኬሺ የተባለ ሊቅ ነው። ቤኬሺ በ1899 በቡዳፔስት የተወለደ ሲሆን ሐኪም አልነበረም። በሃንጋሪያ የስልክ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ የሚሠራ የፊዚክስ ዐዋቂ ነበር። ስልክን ለማሻሻል ጆሮን ማወቅ ያስፈልጋል ብሎ የሙታንን ጆሮ እየመረመረ፣ ድምፅ በጠመዝማዛው ቦይ ውስጥ እንደ ማዕበል እንደሚጓዝ አሳየ። ቀጭኑ ድምፅ በመግቢያው አጠገብ፣ ወፍራሙ ድምፅ በመጨረሻው በኩል ወለሉን አብልጦ ያንቀሳቅሰዋል። ለዚህም ሥራው በ1961 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል ቢሉ፣ ብዙ ይጠቅማል። በድምፅ ብዛት የተጎዳ ሰው በመጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። በንግግራችን ውስጥ እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ያሉት ድምፆች ቀጫጭንና ደካሞች ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው ሌላው ሲናገር ድምፁን ይሰማል፤ ቃሉን ግን አይለይም። «ሠሪ» ሲሉት «ፈሪ» ያሉት ይመስለዋል። መምህሩ ሲያስረዳ እርሱ የሚሰማው ማጕረምረም ብቻ ይሆናል። ሰዎችም «ልብ አይልም» ወይም «ትዕቢተኛ ነው» ይሉታል። እንግዲህ የጆሮ ጉዳት ሙዚቃን ብቻ ሳይሆን ትምህርትንና ወዳጅነትን የሚነካ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ከሁሉ የሚከፋው እነዚህ ጥቃቅን ሕዋሳት በሰው ጆሮ ውስጥ አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው የማይበቅሉ መሆናቸው ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት ሊቃውንት የወፎች ሕዋሳት ከጉዳት በኋላ እንደገና እንደሚበቅሉ ደርሰውበታል። ለሰው ግን ይህ ዕድል አልተሰጠውም። ሕዋሱን እንደገና የሚያበቅል መድኀኒት ለሕዝብ እስኪደርስ ድረስ ያለን ብልሃት መጠንቀቅ ብቻ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው።

ለመጠንቀቅ ግን መስፈሪያ ያስፈልጋል። እህል በቁና፣ ጨርቅ በክንድ ይለካል፤ ድምፅስ በምን ይለካል? መስፈሪያው የተገኘው አሁንም ከስልክ ሥራ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት የአሜሪካን የቤል ስልክ ላቦራቶሪ መሐንዲሶች ድምፅ በሽቦ ሲጓዝ ምን ያህል እንደሚደክም ለመለካት አንድ መስፈሪያ አበጁ፤ ስልክን ለፈለሰፈው ለአሌክሳንደር ግራሃም ቤል መታሰቢያም ዴሲቤል ብለው ሰየሙት። ቤል ራሱ የደንቈሮዎች መምህር ነበር፤ እናቱ ጆሮዋ በጣም የደከመ፣ ሚስቱም በሕፃንነቷ በበሽታ የደነቈረች ነበረች። ስለ መስማት ብዙ ያሰበ ሰው ስሙ የድምፅ መለኪያ ሆኖ መቅረቱ የሚገባ ነገር ነው።

ዴሲቤልን ስንጠቀም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ የሚደመር አይደለም። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቍጥር የድምፁ ኀይል እጥፍ ይሆናል፤ 10 ሲጨመር ዐሥር እጥፍ ይሆናል። ለጆሯችን ግን 3 ዴሲቤል ጥቂት ለውጥ ሆኖ ይሰማዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። እጅ ጥቂት ከፍ ያደረገ ሲመስለው ጆሮ የሚሸከመው ሸክም እጥፍ ሆኗል። ለመገመት ያህል፣ ሁለት ሰዎች በቅርብ ሆነው በደኅና ሲነጋገሩ ድምፃቸው 60 ዴሲቤል ገደማ ነው።

መስፈሪያው ከተገኘ በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረ። ብዙ ሰዎች «ሽማግሌ ሁሉ ይደነቍራል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የዕድሜ እንጂ የጩኸት አይደለም» ይሉ ነበር። ይህን ለመመርመር ሳሙኤል ሮዘን የተባለ የኒውዮርክ የጆሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ሱዳን ሄደ። የሄደበት የማባን ሕዝብ አገር ዛሬ በደቡብ ሱዳን ውስጥ የሚገኝና ከኢትዮጵያ ምዕራባዊ ወሰን ብዙ የማይርቅ ነው። በዚያን ጊዜ ማባኖች ጠመንጃና መኪና የማይሰማበት እጅግ ጸጥ ያለ ኑሮ ይኖሩ ነበር። ሮዘንና ባልደረቦቹ በ1962 ያሳተሙት ጽሑፍ እንዳስታወቀው የማባን ሽማግሌዎች በዕድሜ ከሚመስሏቸው አሜሪካኖች ይልቅ እጅግ የተሻለ የመስማት ኀይል ነበራቸው። እርግጥ ነው፣ የምግባቸው፣ የዘራቸውና የኑሯቸው ልዩነት ሊረዳቸው ይችላል፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በጸጥታ ብቻ ማመካኘት አይቻልም። ቢሆንም እርጅና ሲመጣ መደንቈር የግድ ነው የሚለውን አሳብ ይህ ምርምር አናግቶታል።

ከዚህ በኋላ መንግሥታት ለፋብሪካ ሠራተኞች ሕግ ማውጣት ጀመሩ። በ1972 የአሜሪካን የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን 85 ዴሲቤል ወሰን እንዲሆን አሳብ አቀረበ። በ1998 ደግሞ ሒሳቡን አጥብቆ፣ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር ጊዜው በግማሽ ይቀነስ አለ። በዚህ መሠረት 88 ዴሲቤል ለ4 ሰዓት፣ 91 ለ2 ሰዓት፣ 94 ለ1 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ ለ15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። እዚህ ላይ ታላቅ ቁም ነገር እናገኛለን። የድምፅ ልክ አንድ ቍጥር ሳይሆን ሁለት ነው፤ አንዱ ብዛቱ፣ ሁለተኛው ጊዜው። ሁለቱ እንደ ሚዛን ሳሕኖች ናቸው፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ማለት አለበት።

ደግሞም ወሰን ማለት ፍጹም ደኅንነት ማለት እንዳይመስለን። ያው ተቋም ራሱ እንደ ገመተው፣ በ85 ዴሲቤል ውስጥ 40 ዓመት ከሚሠሩ 100 ሰዎች 8ቱ ከሥራው የተነሣ ጆሯቸው ሊጎዳ ይችላል። ሕግ የፋብሪካን ጥቅምና የሠራተኛን ጤና የሚያስታርቅ ስምምነት ነው። ደመወዝ የማይከፈልበት አድማጭ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የለም።

እስከ አሁን የተናገርነው ሳይወዱ በጩኸት ውስጥ ስለ ኖሩ ሰዎች ነው። አሁን ደግሞ ድምፅ ወደ ጆሮ ተጠግቶ የገባበትን ታሪክ እንመልከት። በ1881 በፓሪስ በተደረገው የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ላይ ክሌማን አዴር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በኦፔራ ቤት መድረክ ላይ የድምፅ መቀበያዎች አኑሮ፣ ሰዎች በሌላ ቦታ ሆነው በሁለቱም ጆሯቸው የስልክ ማዳመጫ ይዘው ዘፈኑን እንዲሰሙ አደረገ። በ1910 ደግሞ ናትናኤል ባልድዊን የተባለ የዩታ ሰው በገዛ ወጥ ቤቱ ውስጥ የራስ ላይ ማዳመጫ ሠርቶ ለአሜሪካን የባሕር ኀይል ላከ፤ የባሕር ኀይሉም ወዶ ገዛው። የተወደደበትም ምክንያት ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ የራዲዮ ድምፅ ለመስማት ስለሚያስችል ነው። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ በመጀመሪያ ጥቂቱን ድምፅ ለመልቀም የተሠራ ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙውን ድምፅ ለማፍሰስ የምንጠቀምበት ሆኗል።

በ1958 ጆን ኮስ የተባለ የሚልዋኪ ከተማ ሰው ለሙዚቃ ማዳመጫ የሚሆን ስቴሪዮ የራስ ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ። በሐምሌ ወር 1979 የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ዎክማን የተባለውን የኪስ ቴፕ አወጣ። በዚህች ዕቃ ላይ ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። የመጀመሪያዋ ዎክማን ሁለት ሰዎች አብረው እንዲሰሙ ሁለት መሰኪያ ነበራት፤ በተጨማሪም ሲጫኗት ሙዚቃውን ዝቅ አድርጋ የውጭውን ንግግር በማይክሮፎን የምታሰማ አንዲት ቁልፍ ነበረቻት። ፈጣሪዎቹ ሰው ከሰው እንዳይለይ አስበው ነበር ማለት ነው። በኋላ በመጡት ዓይነቶች ግን ያች ቁልፍ እየቀረች ሄደች፤ አድማጩም ብቻውን መሆንን ለመደ። በ2001 አይፖድ መጣ፤ ከዚያም ስማርት ስልክ ተከተለ። ካሴት ሲያልቅ ያርፍ የነበረ ጆሮ አሁን የማያልቅ ሙዚቃ አገኘ። ባትሪው ካላለቀ በቀር የሚያስቆመው የለም።

ይህን ያዩ አገሮች ሕግ አወጡ። ፈረንሳይ በ1996 የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ደነገገች። በ2006 አፕል ኩባንያ ባለቤቱ ለአይፖዱ ራሱ ወሰን የሚያበጅበትን፣ ወላጅም ያንን ወሰን በምስጢር ቍጥር የሚቈልፍበትን ፕሮግራም አወጣ። በአውሮፓም ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ መሣሪያው በ85 ዴሲቤል ላይ እንዲያስጠነቅቅ፣ ባለቤቱ ቢፈቅድም ከ100 እንዳያልፍ፣ 20 ሰዓት ካዳመጠም በኋላ እንደገና እንዲያስጠነቅቅ ያዛል። በመጨረሻም የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2018 አንድ መመዘኛ አጽድቀው በ2019 ይፋ አደረጉት። በዚህ መመዘኛ መሠረት ለዐዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለሕፃናት ደግሞ 75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ከፋብሪካው ሕግ የጠበቀ መሆኑን አስተውሉ።

የ3 ዴሲቤሉን ሒሳብ በዚህ ላይ ብናሰላው፣ 83 ዴሲቤል በሳምንት 20 ሰዓት፣ 86 ዴሲቤል 10 ሰዓት፣ 89 ዴሲቤል 5 ሰዓት፣ 92 ዴሲቤል 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በ101 ዴሲቤል የሚሰማ ሰው የሳምንቱን ድርሻ በ19 ደቂቃ ያህል ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሁሉ ከወደፊት ጆሮው የተበደረው ነው።

እንግዲህ በእጃችን ላይ ባለው ስልክ ልኩን እንዴት እንመርጣለን? በመጀመሪያ በስልኩ ላይ የሚታየው መስመር ዴሲቤል አለመሆኑን እንወቅ። በአንዱ ስልክና በአንዱ ማዳመጫ ግማሽ የሆነው በሌላው ይበዛ ይሆናል። የሚሰማውን ዴሲቤል ገምተው የሚያሳዩና የሳምንቱን ድርሻ የሚቈጥሩ ስልኮች አሉ፤ ይህ ያለው ሰው ቍጥሩን ይመልከት። የሌለው ግን የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚመክረው ከመጨረሻው መጠን ከ60 በመቶ አያልፍ።

ሁለተኛው ምክር ልኩን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ሆኖ መምረጥ ነው። በጸጥታ ውስጥ ቃሉ ሁሉ የሚለይበትን ዝቅተኛውን ቦታ አግኝቶ፣ ያንን ምልክት አድርጎ መያዝ ነው። አብዛኛው ሰው ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ሙዚቃውን ስለ ወደደ ሳይሆን የውጭውን ጩኸት ለማሸነፍ ነው። ታክሲው ሲያጓራ፣ ረዳቱ ሲጣራ፣ የመኪና ጥሩምባ ሲነፋ እጅ ሳያውቀው ወደ ቁልፉ ይሄዳል። ከታክሲ ሲወርዱ ግን ዝቅ ማድረጉ ይረሳል። በጩኸት ላይ ጩኸት መጨመር እሳትን በጋዝ ለማጥፋት እንደ መሞከር ነው። ጆሮን በደንብ የሚደፍን ወይም የውጭውን ጩኸት በኤሌክትሪክ ብልሃት የሚያጠፋ ማዳመጫ ያለው ሰው በዝቅተኛ ድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ ነገር ግን መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ እንዲህ ያለውን አድርጎ መሄድ ሌላ አደጋ አለው። ማዳመጫው የሌለው ሰው ታክሲው ውስጥ ቢተወው ይሻለዋል።

ሦስተኛው ለጆሮ ዕረፍት መስጠት ነው። ካዳመጡ በኋላ ጆሮ ጭው ቢል፣ ወይም የሰው ንግግር በግድግዳ ማዶ የሚሰማ ቢመስል፣ ልኩ እንዳለፈ ምልክት ነው። አንዳንዶች «ሲነጋ ይመለሳል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ የተመለሰ ይመስላል። ነገር ግን በ2009 ሻሮን ኩጃዋና ቻርልስ ሊበርማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ መስማት ከተመለሰ በኋላ እንኳ ጆሮን ከአንጎል ጋር የሚያያይዙት የነርቭ ጫፎች ብዙዎቹ ጠፍተው መቅረታቸውን አሳዩ። ስለዚህ ጭው ማለቱ ሲቆም ጉዳቱ ሁሉ ተጠገነ ማለት አይቻልም።

ደግሞ «የምወደው ሙዚቃ አይጎዳኝም፤ የሚጎዳ ጩኸት ነው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጆሮ ግን በመውደድና በመጥላት አይፈርድም። ጠጕር ላላቸው ለእነዚያ ጥቃቅን ሕዋሳት የቀጥቃጩ መዶሻና የተወደደው ዜማ በዴሲቤልና በሰዓት የሚለኩ አንድ ዓይነት ሸክሞች ናቸው። እንዲያውም የተወደደው ይብሳል፤ ከተጠላው ሰው ይሸሻል፣ ከተወደደው ግን አይሸሽም።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፤ ልጆችን ማዳመጫ ከመከልከል ይልቅ ልኩን ማሳወቅ ይበልጣል። «ቀንስ» የሚለው ቃል ከበጎ ፈቃድ የመጣ ቢሆንም ቍጥር የለውም፤ ቍጥር የሌለው ትእዛዝ ደግሞ ክርክር ያመጣል። ስልኩን አብሮ ይዞ ወሰኑን መምረጥ፣ ለታናናሾቹም በቁልፍ መወሰን ይቻላል። ራማዚኒ «ሥራህ ምንድር ነው?» ብሎ እንደ ጠየቀ፣ ዛሬ በትምህርቱ የሚደክም ተማሪ ሲገኝ «በምን ያህል ድምፅ፣ ስንት ሰዓት ታዳምጣለህ?» ብሎ መጠየቅ መልካም ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ የቬኔስያ መዳብ ቀጥቃጭ ጆሮውን የሸጠው ለዕለት እንጀራው ነው። የግላስጎው ጋን ሠሪም የመዶሻውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርግበት ቁልፍ አልነበረውም። ሁለቱም ልኩን አላወቁም፤ ቢያውቁትም ሊመርጡት አይችሉም ነበር። እኛ ግን ልኩን በቍጥር እናውቀዋለን፤ ቁልፉም ከጣታችን በታች ነው። 300 ዓመት የፈጀ ዕውቀት በነጻ ደርሶናል። ዛሬ የ18 ዓመት ወጣት የሆነ ሰው፣ ዕድሜ ቢሰጠው፣ ገና ብዙ የሚሰማው አለው፤ የመምህራንን ትምህርት፣ የወዳጅን ምክር፣ የልጆቹን የመጀመሪያ ቃል። ያን ሁሉ ለመስማት የተሰጡን ጆሮዎች ሁለት ብቻ ስለ ሆኑ ልካቸውን ጠብቀን እንያዛቸው።